በቆርቆሮ ጣራና በኮርኒስ መካከል ምን ያህል የሙቀት መከላከያ ያስፈልጋል?

መግቢያ

በአገራችን ከተሞች የአብዛኛው መኖሪያ ቤት ጣራ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ዝናብን በሚገባ ይከላከላል፤ ለማጓጓዝና ለመምታት ቀላል ከመሆኑም በላይ እንደ ሣር ክዳን በየጊዜው መታደስ አያስፈልገውም። ሙቀትንና ብርድን በመከላከል ረገድ ግን ከሣር ክዳን ጋር የሚወዳደር አይደለም። ጎጆ ቤት ላይ በጥንቃቄ የተከደነ ወፍራም ሣር በውስጡ ብዙ አየር ስለሚይዝ ቀን የፀሐይን ሙቀት፣ ሌሊት ደግሞ ብርድን ያዘገያል። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆነው ቆርቆሮ በአንጻሩ ከውጭ ያለውን ሙቀትም ሆነ ብርድ ሳይውል ሳያድር ወደ ቤት ያስገባል።

በዚህ ምክንያት በቆላማ አካባቢዎች የሚኖሩ ነዋሪዎች እኩለ ቀን ላይ ቤት ውስጥ መቀመጥ ይቸግራቸዋል። በደጋ አካባቢዎች ደግሞ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ስለሚበርድ አንዳንድ ቤተሰቦች ለሕይወት አደገኛ የሆነውን የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ያስገባሉ። በኮርኒስ ላይ የሚነጠፍ የሙቀት መከላከያ ለሁለቱም ችግሮች መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ ተገልጋዮች ለቤታቸው ተስማሚ የሆነውን ውፍረት ራሳቸው አስልተው እንዲወስኑ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

ባጭሩ

ለአብዛኛው ቤት 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውና ክፍተት ሳይተው በጥንቃቄ የተነጠፈ መከላከያ የጥቅሙን ትልቁን ድርሻ ያስገኛል። ብርድ በሚበረታበት ደጋና የአየር ማቀዝቀዣ በሚሠራበት የቆላ ቤት ከ7.5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ማድረግ ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ ለሚጨመረው ውፍረት የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ለሌላ ሥራ ቢውል፣ ማለትም የበርና የመስኮት ክፍተትን ለመድፈን፣ የሚያፈስ ጣራን ለመጠገን ወይም ጣራውን ነጭ ቀለም ለመቀባት ቢውል፣ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ምክንያቱ ቀጥሎ በዝርዝር ቀርቧል።

1. የሙቀት መከላከያ የሚሠራው እንዴት ነው?

የሙቀት መከላከያ ሙቀትን ወይም ቅዝቃዜን አያመነጭም፤ ሙቀት ከሞቃቱ ወገን ወደ ቀዝቃዛው የሚያደርገውን ጉዞ ያዘገያል እንጂ። ይህንንም የሚያደርገው በቃጫዎቹ ወይም በቀዳዳዎቹ መካከል በያዘው የማይንቀሳቀስ አየር አማካይነት ነው። ስለዚህ መከላከያው ከተጨፈለቀ ወይም ውኃ ከገባው አየሩ ስለሚወጣ ጥቅሙ ይቀንሳል። 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ምርት ተጠቅጥቆ በ5 ሳንቲ ሜትር ቦታ ቢገባ የ10 ሳንቲ ሜትር አገልግሎት አይሰጥም።

የአንድ መከላከያ አቅም የሚለካው «የሙቀት መቋቋም» በሚባለው መጠን ነው። ይህም የሚገኘው በሜትር የተገለጸውን ውፍረት ምርቱ ሙቀትን ለሚያስተላልፍበት መጠን በማካፈል ነው። ለምሳሌ የመስታወት ሱፍ ወይም በተለምዶ ፋይበር ግላስ የሚባለው ምርት ሙቀትን የሚያስተላልፍበት መጠን በአብዛኛው ወደ 0.04 ገደማ ነው። በመሆኑም 5 ሳንቲ ሜትር (0.05 ሜትር) ውፍረት ያለው ፋይበር ግላስ 1.25፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያለው ደግሞ 2.5 የመቋቋም አቅም አለው።

በአሜሪካ መለኪያ ተሠርተው የሚገቡ ምርቶች «አር-11» ወይም «አር-19» የሚል ምልክት ይኖራቸዋል። እነዚህን ቁጥሮች ለ5.7 በማካፈል ከላይ ወደተጠቀሰው የሜትር መለኪያ መለወጥ ይቻላል። ስለዚህ አር-11 ወደ 1.9፣ አር-19 ደግሞ ወደ 3.3 ይጠጋል ማለት ነው። ሁለቱን መለኪያዎች ሳይለዩ ምርቶችን ማወዳደር ለስሕተትና ለአላስፈላጊ ወጪ ይዳርጋል።

2. ውፍረት በጨመረ ቁጥር ጥቅሙ በእኩል መጠን አይጨምርም

ለምሳሌ የጣራው ስፋት 50 ካሬ ሜትር የሆነ፣ በቺፕውድ ኮርኒስ የተሸፈነና ምንም መከላከያ የሌለው የቆርቆሮ ቤት እንውሰድ። የጣራው፣ የኮርኒሱና በመካከላቸው ያለው አየር ጠቅላላ የመቋቋም አቅም 0.3 ያህል ነው እንበል። በቤቱ ውስጥና በውጭው መካከል የ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ልዩነት ሲኖር በኮርኒሱ በኩል የሚያልፈው ሙቀት በስሌት እንደሚከተለው ይሆናል።

• ያለ መከላከያ፦ 1,667 ዋት
• በ2.5 ሳንቲ ሜትር ፋይበር ግላስ፦ 541 ዋት
• በ5 ሳንቲ ሜትር፦ 323 ዋት
• በ10 ሳንቲ ሜትር፦ 179 ዋት
• በ15 ሳንቲ ሜትር፦ 123 ዋት
• በ20 ሳንቲ ሜትር፦ 94 ዋት

ከስሌቱ እንደሚታየው የመጀመሪያው 5 ሳንቲ ሜትር በኮርኒሱ በኩል የሚያልፈውን ሙቀት በ1,344 ዋት ይቀንሰዋል፤ ይህም ከጠቅላላው 81 በመቶ ያህል ነው። ሁለተኛው 5 ሳንቲ ሜትር የሚጨምረው ቅናሽ 144 ዋት፣ ሦስተኛው 56 ዋት፣ አራተኛው ደግሞ 29 ዋት ብቻ ነው። የእያንዳንዱ 5 ሳንቲ ሜትር ዋጋ ግን ያው ተመሳሳይ ነው።

አንድ ሰው ዕረፍት ላይ ሆኖ ከሰውነቱ የሚያመነጨው ሙቀት በግምት ከ70 እስከ 100 ዋት ይደርሳል። አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ወደ 400 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ለቤቱ ይሰጣል ማለት ነው። መከላከያ በሌለው ጣራ ሥር ይህ ሙቀት ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል። በ5 ሳንቲ ሜትር መከላከያ ሥር ግን በጣራው በኩል የሚወጣውን ለመተካት ሊበቃ ይችላል። በግድግዳ፣ በበርና በመስኮት የሚወጣው ሙቀት በዚህ ስሌት ውስጥ አልተካተተም። ስለሆነም ጣራው ብቻ ተሠርቶ የበሩ ሥር ክፍት ከሆነ የተፈለገው ውጤት አይገኝም።

3. ለአካባቢዎ የሚስማማውን መጠን መምረጥ

በውጭ አገር የሚገኙ ቤተሰቦችና በኢንተርኔት የሚነበቡ ምክሮች ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ውፍረት ይጠቅሳሉ። ለምሳሌ በብሪታንያ በኮርኒስ ላይ 27 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ፋይበር ግላስ እንዲነጠፍ ይመከራል። ይህ ምክር ለዚያ አገር ትክክል ነው፤ በዚያ ቤቶች ለብዙ ወራት ያለማቋረጥ ስለሚሞቁ ትንሿም ቅናሽ በኃይል ክፍያ ላይ ጎልታ ትታያለችና። ቤት በማሞቂያ በማይሞቅበት አገራችን ግን ይህንኑ መጠን እንዳለ መውሰድ አስፈላጊ አይደለም።

በአገራችን የአየር ጠባይ በዋነኛነት የሚወሰነው በከፍታ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከዚህ በታች ያለው አመዳደብ ለውሳኔ መነሻ እንዲሆን የቀረበ እንጂ አስገዳጅ ደረጃ አይደለም።

ቆላና በረሃ (በግምት ከ1,500 ሜትር በታች፤ ለምሳሌ ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ፣ ሠመራ)፦ በእነዚህ አካባቢዎች ዋናው ችግር የፀሐይ ሙቀት ነው። የዛገ ወይም ጠቆር ያለ ቆርቆሮ በቀትር ፀሐይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። በዚህ ጊዜ የኮርኒሱ የታችኛው ገጽ ራሱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን በቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ከራሱ በላይ ምድጃ የተለኮሰ ያህል ይሰማዋል። 5 ሳንቲ ሜትር መከላከያ ሲነጠፍ የኮርኒሱ ሙቀት ከክፍሉ ሙቀት ብዙም የማይርቅ ይሆናል። የመጀመሪያው እርምጃ ጣራውን ለቆርቆሮ በተዘጋጀ ነጭ ቀለም መቀባት፣ ሁለተኛው 5 ሳንቲ ሜትር መከላከያ ማንጠፍ ነው። የአየር ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ከ7.5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ያስፈልገዋል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ደግሞ ቀን የተጠራቀመው ሙቀት እንዲወጣለት ሌሊት አየር የሚተላለፍበት መስኮት ሊኖረው ይገባል።

ወይና ደጋ (በግምት ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር፤ ለምሳሌ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር)፦ 5 ሳንቲ ሜትር ለአብዛኛው ቤት በቂ ነው።

ደጋ (በግምት ከ2,300 ሜትር በላይ፤ ለምሳሌ ደብረ ብርሃን፣ ጎባ እንዲሁም የአዲስ አበባ ከፍተኛ ቦታዎች)፦ ከ7.5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይመከራል። ሰማዩ በጠራባቸው የበጋ ሌሊቶች ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር እንኳ የበለጠ ይቀዘቅዛል።

4. የመከላከያ ዓይነቶች

ፋይበር ግላስና የድንጋይ ሱፍ፦ ቃጫዎቹ በእሳት አይቀጣጠሉም፤ ክብደታቸውም ቀላል ነው። ቃጫቸው ቆዳን፣ ዓይንንና የመተንፈሻ አካልን ስለሚያሳክክ በጥንቃቄ መያዝ አለባቸው። ውኃ እንዲነካቸው አይገባም።

ነጭ ፎም (ፖሊስታይሪን)፦ በተመሳሳይ ውፍረት ከፋይበር ግላስ ጋር ተቀራራቢ አቅም አለው፤ ውኃም በቀላሉ አይገባውም። ነገር ግን ተቀጣጣይ ነው፤ ሲቃጠልም መርዛማ ጭስ ያወጣል። በፕላስቲክ ከተሸፈነ የኤሌክትሪክ ገመድ ጋር ለረጅም ጊዜ ሲነካካ የገመዱን ሽፋን ስለሚያደርቅ ገመዶቹ በቱቦ ውስጥ ማለፍ ይኖርባቸዋል። ከማድ ቤት በላይ ባይደረግ ይመረጣል።

አንጸባራቂ የአሉሚኒየም ፎይል፦ ከጋለ ቆርቆሮ ወደ ታች የሚፈልቀውን ሙቀት ስለሚመልስ በቆላ ጠቃሚ ነው። የሚሠራው ግን አንጸባራቂው ገጹ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ባዶ አየር ፊት ለፊት ሲሆን ነው። ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቆ ከተመታ ጥቅም አይሰጥም። አቧራ እንዳይጋርደው አንጸባራቂውን ገጽ ወደ ታች አድርጎ ከቆርቆሮው ሥር መወጠር የተሻለ ነው። ለደጋ ብርድ ፎይል ብቻውን በቂ አይደለም።

ጭድና ሰጋቱራ፦ በየአካባቢው በዝቅተኛ ዋጋ ይገኛሉ። ይሁንና ከፋይበር ግላስ ጋር ተመሳሳይ ውጤት ለመስጠት እስከ እጥፍ የሚደርስ ውፍረት ሊጠይቁ ይችላሉ። ተቀጣጣይ ናቸው፤ ምስጥና አይጥም ይስባሉ። የኤሌክትሪክ መስመር በሚያልፍበት ኮርኒስ ላይ ልቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ መበተን ፈጽሞ አይመከርም።

5. ከመግዛትዎ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ሀ) የጣራው ፍሳሽ፦ ክረምት ሳይገባ የዛጉ ቆርቆሮዎችንና የላሉ ምስማሮችን ይለዩ። በሚያፈስ ጣራ ሥር መከላከያ ማንጠፍ ገንዘብ ማባከን ከመሆኑም በላይ እርጥበት አምቆ እንጨቱን ያበሰብሳል።

ለ) የኮርኒሱ ጥንካሬ፦ 10 ሳንቲ ሜትር ፋይበር ግላስ በካሬ ሜትር ከ1 እስከ 3 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በሚገባ የተመታ የቺፕውድ ኮርኒስ ይህን ይሸከማል። ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ሰጋቱራ ግን ከ15 ኪሎ ግራም በላይ ሊደርስ ይችላል። የአቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ኮርኒስ ምንም ዓይነት ክብደት ስለማይሸከም ቀድሞ በጠንካራ ኮርኒስ ሊተካ ይገባል።

ሐ) የኤሌክትሪክ መስመር፦ የተላጠ፣ በፕላስተር ብቻ የተቀጠለ ወይም የሚግል ገመድ በመከላከያ ሥር ከተቀበረ ሙቀቱ መውጫ ስለማያገኝ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መስመሩን በባለሙያ ማስፈተሽ ያስፈልጋል።

መ) አስቤስቶስ፦ ቀደም ባሉት ዓመታት የተሠሩ አንዳንድ ሕንፃዎች የአስቤስቶስ ክዳን ወይም ኮርኒስ ሊኖራቸው ይችላል። አስቤስቶስ ሲሰበር ወይም ሲበሳ የሚበነው ብናኝ ካንሰር ያስከትላል። ከተጠራጠሩ ሳይነኩ ባለሙያ ያማክሩ።

6. የሚገዛውን መጠን ማስላት

የእያንዳንዱን ክፍል ርዝመትና ስፋት ከውስጥ ለክተው ያባዙና ይደምሩ። ለምሳሌ ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ስፋቱ 6.25 ሜትር የሆነ ቤት 50 ካሬ ሜትር ኮርኒስ አለው። አንዱ ጥቅል 18 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ከሆነ 3 ጥቅል፣ ማለትም 54 ካሬ ሜትር፣ ይበቃል። ቀሪው 4 ካሬ ሜትር ለመቁረጫ ይውላል።

ዋጋ ሲያወዳድሩ «ጥቅሉ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ በቂ አይደለም። የጥቅሉን ስፋት፣ ውፍረትና የመቋቋም አቅም ይጠይቁ። ከዚያም የአንድ ካሬ ሜትሩን ዋጋ ለመቋቋም አቅሙ ያካፍሉ። አነስተኛ ቁጥር ያመጣው ምርት ለአንድ ብር የተሻለ አገልግሎት የሚሰጥ ነው። አቅሙ በጥቅሉ ላይ ያልተጻፈ ምርት ባይገዛ ይመረጣል።

7. የአነጣጠፍ ጥንቃቄ

ከውፍረቱ ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው ብዙውን ጊዜ አነጣጠፉ ነው። በክፍል 2 በተጠቀሰው ቤት 5 ሳንቲ ሜትር መከላከያ ተነጥፎ ከጠቅላላው ስፋት 5 በመቶው፣ ማለትም 2.5 ካሬ ሜትር፣ ሳይሸፈን ቢቀር የሚያልፈው ሙቀት ከ323 ወደ 390 ዋት ገደማ ያድጋል። ሃያ አንድ በመቶ የሚሆን ጭማሪ ነው። ስለዚህ፦

• መከላከያውን በሞራሌዎቹ መካከል ሳይጠቀጠቅና ሳይሳሳ ያንጥፉ። ሁለት ንብብር ከሆነ ሁለተኛውን በሞራሌዎቹ ላይ አግድም ያድርጉ።
• በኮርኒሱና በግድግዳው መጋጠሚያ ያለውን ክፍተት አስቀድመው ይድፈኑ።
• በመከላከያውና በቆርቆሮው መካከል ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይተዉ። በጣራው ክፈፍ ያለውን የአየር ማስገቢያም አይዝጉ። በደጋ ሌሊት በቆርቆሮው ሥር የሚቋጠረው ጤዛ ሊደርቅ የሚችለው አየር ሲዘዋወር ነው። ወፍ፣ አይጥና የሌሊት ወፍ እንዳይገቡ ማስገቢያውን በወንፊት ሽቦ መሸፈን ይቻላል።
• በኮርኒስ ውስጥ ከተቀበሩ የሚግሉ መብራቶችና ከጭስ ማውጫ ቱቦ መከላከያውን ያርቁ።
• ሥራውን ቆርቆሮው ሳይግል በማለዳ ያከናውኑ። ኤሌክትሪኩን ከቆጣሪው ያጥፉ፤ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ ጓንትና እጅጌው ረጅም ልብስ ይልበሱ። ኮርኒሱን ሳይሆን ሞራሌውን ይርገጡ።

8. የከሰል አደጋ

ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ በልዩ ትኩረት የሚያሳስበው ጉዳይ የሚከተለው ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሆነ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው። ጭሱ የጠፋና ፍሙ ብቻ የቀረ ከሰልም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። ክፍተቶቹ በተደፈኑ ቤት ውስጥ ጋዙ በፍጥነት ስለሚጠራቀም፣ ቤታቸውን ያሻሻሉ ቤተሰቦች በቀድሞው ልማድ ከቀጠሉ አደጋው ይብስባቸዋል። የተኛ ሰው ምልክቱን ሳያውቀው ራሱን ሊስት ይችላል።

በመሆኑም መከላከያ ያደረገ ቤተሰብ ማንኛውንም የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ማቆም አለበት። ከሰል የሚነድበት ማድ ቤት የራሱ መስኮትና የጭስ መውጫ ይኑረው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መደንዘዝ የተሰማው ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። የመከላከያው ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው፤ ቤተሰቡ ሌሊቱን ያለ ከሰል እንዲያሳልፍ ያስችለዋል።

9. ስምምነትና ፈቃድ

በጋራ መኖሪያ ሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ነዋሪዎች ጣራው የሕንፃው ባለቤቶች የጋራ ንብረት መሆኑን ሊገነዘቡ ይገባል። በጣራው ሥር ማንኛውንም ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የነዋሪዎች ማኅበሩን ስምምነት በጽሑፍ ማግኘት አለባቸው። ተከራዮችም እንዲሁ ከአከራያቸው ጋር ወጪውን ማን እንደሚሸፍንና ተከራዩ ሲለቅ መከላከያው የማን እንደሚሆን በጽሑፍ መስማማት ይኖርባቸዋል። የጣራውን ቅርጽ፣ ከፍታ ወይም ተሸካሚ እንጨቶች የሚለውጥ ሥራ ሲሆን አስቀድሞ በአካባቢው የግንባታ ፈቃድ ሰጪ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ተገልጋዮች ውሳኔያቸውን በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢያሳልፉ ይመከራል።

1. ጣራውን መጠገን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ማስፈተሽ፣ የኮርኒሱን ጥንካሬ ማረጋገጥ፤
2. የበርና የመስኮት ክፍተቶችን መድፈን፤ በቆላ ጣራውን ነጭ ቀለም መቀባት፤
3. ኮርኒሱን ሙሉ በሙሉ በ5 ሳንቲ ሜትር መከላከያ መሸፈን፤
4. አካባቢው ደጋ ከሆነ ወይም ቤቱ ማቀዝቀዣ ካለው እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ማሳደግ።

አቅም ውስን በሚሆንበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ሕፃናት፣ አረጋውያንና ሕሙማን የሚተኙበትን ክፍል መሥራት ይቻላል። ግማሹን ኮርኒስ በወፍራም መከላከያ ሸፍኖ ሌላውን ባዶ ከመተው፣ ሁሉንም በስስ መከላከያ መሸፈን የበለጠ ጥቅም እንደሚሰጥ ከላይ የቀረበው ስሌት ያሳያል።